ከመናገር በፊት ጣሪያ፦ «ዛሬውኑ ለወላጆቻችሁ ንገሩ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ የምክር ጽሑፍ አለ። የሚመክረው ወደ ተመሳሳይ ጾታ የሚሳቡ፣ ገና በወላጅ ቤት ያሉ ልጆችን ነው። ሲጨመቅ እንዲህ ይላል፦ መደበቅ ውሸት ነው፤ በዓል ጠብቃችሁ ዘመድ በተሰበሰበበት ተናገሩ፤ በአፍ መናገር ካቃታችሁ በቴሌግራም ጻፉ፤ ከእናት ጀምሩ፤ ሳይንሱን አሳዩአቸው፤ ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነውና አትፍሩ፤ ጸበል እንውሰዳችሁ ካሉ እሺ በሉ፤ ካባረሯችሁ አዲስ አበባ ግቡ፤ በመጀመሪያው ቀን ያልተቀበለ ወላጅ መቼም አይቀበልምና እርማችሁን አውጡ።

ጸሐፊው ለልጆቹ ክፉ አስቦ እንዳልጻፈው ግልጽ ነው። ምክሩ ግን የራሱ ክፍል፣ በራሱ ስም የወጣ ሲም ካርድና ሲባረር የሚቀበለው መጠለያ ላለው ልጅ የተጻፈ ነው። ባሕር ዳር ላይ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር አንድ ክፍል የሚጋራ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከሦስቱ አንዱም የለውም። እዚህ ከተማ ሽምብጥ ሰፈር የተወራ ነገር ባጃጅ ሳይሳፈር አባይ ማዶ ይደርሳል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እንመልስ።

መደበቅ ውሸት ነው በሚለው እንጀምር፤ ሌላው ስህተት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነውና። እኛ ዘንድ ገመና የሚባል ቃል አለ። የቤት ገመና የሚሸፍን ሰው ዋሾ አይባልም፤ አስተዋይ ነው የሚባለው። አባት የዕዳውን ልክ፣ እናት የትዳሯን ቁስል ለልጅ አይናገሩም፤ ማንም ውሸታም አላላቸውም። ልጅም እንዲሁ ልቡ ወዴት እንደሚያዘነብል የመናገር ዕዳ የለበትም። የሚናገረው ሲጠቅመው ነው፤ የሚጠቅመው ደግሞ ከተናገረ በኋላ የሚያድርበት፣ የሚበላውና የሚማርበት ሳይጓደል ሲቀር ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ለሦስት ዓመት ያልተነገረ ነገር በአራተኛው ሊነገር ይችላል፣ አንዴ የተነገረ ግን አይመለስም።

ስለዚህ ልጁ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ደፋር ነኝ?» ብሎ አይደለም። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ አባቴ ከዚህ በፊት ሲናደድ እጁን አንስቷል ወይስ ዝም ይላል? በቤታችን ውስጥ ስለዚህ ነገር ወሬ ሲነሳ ማን ምን አለ? ትምህርት ቤት የሚከፍልልኝ ማነው? ነገ ውጣ ብባል ሳልለምን የምገባበት አንድ ደጅ አለ? አባት ከአሁን ቀደም በትንሽ ጥፋት ልጅ ደብድቦ ሐኪም ቤት ያደረሰ ከሆነ፣ ወይም የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ «የለም» ከሆነ፣ መናገር ይቆይ። ይህ ፍርሃት ሳይሆን ስሌት ነው።

በዓሉን ወደሚመለከተው እንለፍ። ጸሐፊው እንግዳ ፊት ወላጅ አይጮህም ብሎ አስቧል። ይሉኝታ የሚሠራው ግን በተቃራኒው ነው። ብቻውን ያለ አባት ዝም የማለት መብት አለው፤ ጎረቤቱ፣ የእድር ዳኛውና የሚስቱ ወንድም እያዩት ያለ አባት ግን አንድ ነገር ማድረግ ግዴታው ይመስለዋል። ካላደረገ «ወዶ ነው» ይባላላ። የዶሮ ወጡ ሳይወጣ የሚጀመር ጠብ የአንድ ቤት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ የዘመድ ጉባኤ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አባትየው ልቡ ቢራራ እንኳ የሚመለስበትን መንገድ ራሱ ዘግቶታል።

ጊዜው እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ 4 ሰዓት ገደማ። ምክንያቱም ነገሩ ከተበላሸ ከፊት ለፊት ስምንት ሰዓት ያህል ብርሃን አለ። የሰዓት እላፊ በሚታወጅበት ወቅት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መናገር ማለት በሩን ከውስጥ ቆልፎ መናገር ነው፤ ባጃጅ የለም፣ በእግርም አይኬድም። አባት ከጠላ ቤት ሲመለስ አይሆንም። የፈተና ሳምንት አይሆንም። የሁዳዴ 55 ቀናትም አይመረጡም፤ የጾም ድካም አንድ ነገር ሆኖ፣ ብዙው ምእመን ለፋሲካ ቁርባን ሲል ንስሐ አባቱን የሚያገኘው በዚያው ሰሞን ስለሆነ እናት የሰማችውን ይዛ መሄዷ አይቀርም።

ቦታውን በተመለከተ ሐይቅ ዳር ለወግ ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ከሦስት አግዳሚ ወንበር አንዱ ላይ የሚያውቃችሁ ሰው ተቀምጧል። ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ ማውራትም የሚያምር ሐሳብ ይመስላል፤ መንገዱ ግን አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ መሀል ላይ ደግሞ መውረጃ የለም። ይልቅ ታናናሾች ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ጨዋታ የሄዱበት ሰዓት ተመርጦ፣ በገዛ ግቢ ውስጥ፣ በር ሳይዘጋ፣ ልጁ ለመውጫው ቅርብ ሆኖ ቢቀመጥ ይመረጣል። ጫማው እግሩ ላይ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይሁን።

በቴሌግራም ጻፉ የሚለው ምክር ከሁሉም የከፋው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እንቆያለን። የተነገረ ቃል ሊካድ፣ ሊለዝብ፣ «በንዴት ነው» ሊባል ይችላል። የተጻፈ ግን በስክሪን ፎቶ ተነሥቶ አጎት ዘንድ፣ ከአጎት የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ፍርድ ቤት ቢደርስም የሚነበበው ያው ጽሑፍ ነው።

ሌላው ብዙ ልጅ የማያስተውለው ነገር የሲም ካርዱ ባለቤትነት ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚጠቀምበት መስመር አብዛኛውን ጊዜ በአባት ወይም በእናት መታወቂያ የወጣ ነው። ባለስሙ «ሲሙ ጠፋብኝ» ብሎ ምትክ ሊያወጣ ይችላል፤ ምትኩን ስልኩ ላይ ሲያስገባ የቴሌግራም መግቢያ ኮድ በመልእክት ሊደርሰው፣ ልጁ ያወራውም ሊከፈትለት ይችላል። መከላከያው አንድ ነው፦ በቅንብሮች ውስጥ የግላዊነት ክፍል ገብቶ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን የይለፍ ቃል ማብራት። ከዚያ ኮዱ ብቻውን አይከፍትም። የይለፍ ቃሉ የልደት ቀን ወይም የታናሽ ስም አይሁን። እዚያው ላይ «መሣሪያዎች» የሚለውን መክፈትና የማያውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከተዘረዘረ ማስወጣት፤ ስልክ ቁጥርን «ማንም አያይም» ላይ ማድረግ፤ የስልክ ማውጫን ከመተግበሪያው ጋር ማመሳሰልን ማጥፋት። ይህ የመጨረሻው ለቲክቶክም ይሠራል፤ ልጅ በሌላ ስም የከፈተውን ገጽ ለአክስቱ ልጅ «ልታውቀው ትችላለህ» ብሎ የሚያቀርበው ማውጫው ነው።

ስልክ ሲበላሽም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞባይል ቤት «ፓተርኑን ንገረኝና ነገ ና» ሲባል ብዙው ሰው ይናገራል። ስክሪን ለመቀየር ውስጡ ያለውን ሁሉ ማየት አያስፈልግም፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ፣ ካልተቻለ ሚሞሪውን አውጥቶና ከመተግበሪያዎቹ ወጥቶ መስጠት ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ የልጅ ምስጢር የሚወጣው በልጁ አፍ ብቻ አይደለም። በድንገት ለተያዘ ልጅ ደግሞ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ በዚያው ሰዓት ሁሉንም አይናዘዝ። «ዛሬ ማውራት አልችልም፣ ነገ ጠዋት እናወራለን» ብሎ ሌሊቱን ማግኘት ብዙ ነው።

ከእናት ጀምሩ የሚለው ላይ ግማሽ እውነት አለ። ብዙ ጊዜ እናት ቀድማ የጠረጠረች ናት። ይሁን እንጂ ጸሐፊው እናት ላይ የሚወድቀውን ሸክም አላየም። ነገሩ ሲገለጥ «ልጅሽን አሞላቀሽ አበላሸሽው» የምትባለው እሷ ናት፤ የራሷ ገቢ ከሌላት ደግሞ ባሏ «እሱ ወይም አንቺ» ሲላት የምትመርጠው ነገር የለም። ምስጢሩ ሲከብዳትም ታወጣዋለች፤ የሚወጣው ደግሞ ቡና ላይ ነው። አቦል ላይ ትተክዛለች፣ ቶና ላይ «ምን ሆነሻል» ይሏታል፣ በረካ ሳይደርስ ጎረቤት ሰምቷል።

ስለዚህ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብቻውን አይበቃም። አብሮ መወሰን ያለበት «ሲከብድሽ ለማን ትተነፍሻለሽ?» የሚለው ነው። አንድ ሰው ይመረጥ። ንስሐ አባት ከሆኑ፣ የኑዛዜ ምስጢር እንዲጠበቅ ቤተ ክርስቲያን ታዝዛለችና በኑዛዜ መልክ ይነገራቸው እንጂ ቤት መጥተው ጠበል ሲረጩ በጨዋታ መሀል አይሁን። ደግሞም የመጀመሪያዋ ሰው የግድ እናት አትሁን፤ የራሷ ደሞዝ ያላት አክስት፣ ዩኒቨርሲቲ ያለች ታላቅ እህት ልትሻል ትችላለች። መስፈርቱ ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ከአባት ኪስ ነፃ መሆንም ነው።

ለመናገር ከተወሰነ አጭር ይሁን። አራት ዐረፍተ ነገር ይበቃል፦ «እማዬ፣ ከብዶኝ የቆየ ነገር ልነግርሽ ነው። እኔ ልቤ የሚሄደው ወደ ወንድ ነው፣ ወደ ሴት አይደለም። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አልነካኝም። ዛሬ መልስ አልፈልግም፤ ለማንም ሳትነግሪ እንድታስቢበት ብቻ ነው የምለምንሽ።»

ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ያለ ምክንያት አልገባም። በሚዲያችን «ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል ወንድ ሕፃናትን ለሚደፍር ወንጀለኛም ለሌላውም ያለ ልዩነት ስለሚነገር፣ ብዙ ወላጅ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣበት «ልጄን ማን አበላሸብኝ?» የሚለው ነው። ወዲያው ወንጀለኛ ፍለጋ ይጀመራል፤ አስጠኚው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሩ፣ የቅርብ ጓደኛው ይጠረጠራሉ። ልጁ በእውነት ተደፍሮ ከሆነ ግን ያ ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከዝንባሌው ጋር ሳይደባለቅ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መድረስ አለበት፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከዚያ ካለፈ አይሰጥም፣ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል።

ሳይንሱን አሳዩአቸው ይላል ጽሑፉ፤ «የጌይ ዘረመል ተገኝቷል» ብሎም ያክላል። አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2019 በግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ላይ የተደረገው ትልቁ የዘረመል ጥናት ያገኘው ዝንባሌን ብቻውን የሚወስን አንድም ዘረመል እንደሌለ፣ በትንሽ በትንሹ የሚያግዙ ብዙ እንዳሉ ነው። ልጅ በሐሰት ማስረጃ ከተከራከረ አንድ የተማረ አጎት መጥቶ ያፈርሰዋል። እርግጠኛው ነገር ይልቅ ይህ ነው፦ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973 ይህን ዝንባሌ ከሕመም ዝርዝር አውጥቶታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1990 እንዲሁ። ያም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን አይነሣ። እናት በዚያ ሰዓት ያለችው «ልጄ ሊሞትብኝ ነው፣ የልጅ ልጅ አላይም፣ ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ውስጥ ነው፤ ስለ ዘረመል አልጠየቀችም።

ሕጉ ድርጊትን እንጂ ንግግርን አይቀጣም የሚለው በፊደል ደረጃ ትክክል ነው፤ ግን ጸሐፊው አንድ አንቀጽ ብቻ አንብቦ ተነሥቷል። የወንጀል ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ በአንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚፈጸምን ድርጊት በቀላል እስራት ይቀጣል፤ ቀላል እስራት በመርሕ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። «ልቤ ወደ ወንድ ይሄዳል» ማለት በዚህ አንቀጽ ወንጀል አይደለም። ቤት ውስጥ የሚጠየቀው ግን ይህ አይደለም። «ከማን ጋር? የት? ስንት ጊዜ?» ነው የሚባለው። እነዚህን መመለስ ከዝንባሌ ወደ ድርጊት መሻገር ነው።

የባሰው አንቀጽ 631 ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለ ልጅ ላይ የሚፈጸም ከሆነ ቅጣቱ ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ «ፍቅረኛዬ እገሌ ይባላል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» ብሎ ለተቆጣ አባቱ ቢናገር፣ አባትየው በዚያው ከሰዓት ፖሊስ ጣቢያ ሊገኝ ይችላል። ልጁ ራሱም ከ15 ዓመት በላይ ከሆነ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል፤ ሕጉ ዕድሜውን አይቶ ቅጣት ማቅለልን ይፈቅዳል እንጂ ነፃ አያወጣውም። እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው፦ ስለ ራስ ስሜት ብቻ፤ የሰው ስም የለም፣ ቦታ የለም፣ ድርጊት የለም። ስልክ ላይ ያለ ፎቶና ንግግርም ከመናገር በፊት ይጥፋ፤ «ስልክህን አምጣ» የሚለው ትእዛዝ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይዘገይም።

እግረ መንገድ ስለ ማስፈራራት አንድ ነገር እናንሣ፣ ጽሑፉ ፈጽሞ አላነሣውምና። በቴሌግራም የተዋወቀ ሰው «ቤተሰብህ እንዳይሰሙ በቴሌብር ይህን ያህል ላክ» ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ትንሽ ብር ነው። ከተላከለት ልጁ እንደሚከፍል አወቀ፤ በሳምንቱ እጥፍ ይጠይቃል። አለመላክ፣ አለመመለስ፣ ማገድ። እንዲህ ያለው ሰው ያለውን ሁሉ ከዘራ በኋላ የሚያስከፍልበት ነገር እንደማይቀረው ራሱም ያውቃል።

ጸበሉን በተመለከተ ጸሐፊው እሺ በሉ ብሎ አልፎታል፤ ሌሎች ደግሞ በፍጹም አትሂዱ ይላሉ። ሁለቱም ችኩል ናቸው። ባሕር ዳር ዙሪያ ላለ ቤተሰብ ልጅ ሲታወክ ወደ አንዳሳ ጊዮርጊስ ወይም ወደ ወንቅሸት ገብርኤል መውሰድ የፍቅር ሥራ ነው፤ እምቢታው ከእግዚአብሔር ጋር መጣላት ተደርጎ ይታያል። ልጁ ራሱ አማኝ ከሆነ ደግሞ በጸሎቱ ሊጽናና ይችላል። ጉዳቱ የሚመጣው ከውሃው ሳይሆን ከአካሄዱ ነው፤ የመመለሻ ቀን ሳይነገር መቅረት፣ መታሰር፣ በባዶ ሆድ ብዙ ቀን መዋል፣ የሚወሰድ መድኃኒት መቋረጥ፣ በሕዝብ መሀል «ልቀቅ!» እየተባለ ምስጢር መዘርገፍ።

እንግዲህ ድርድሩ በእነዚህ ላይ ይሁን፦ ስንት ቀን? አንድ ሱባኤ ማለት 7 ቀን ነው፤ «እስኪሻለው» የሚል ቀጠሮ አይያዝ። ማን አብሮ ያድራል? የሚመታ ሰው ካልሆነና እናት ወይም አክስት ከሆነች ይቻላል። ከቤት እየተመላለሱ መጠመቅ ይቻላል ወይ? ከተቻለ ያ ይሻላል። የሚጥል በሽታ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ አንድም ቀን እንዳያቋርጥ፤ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው በይፋ ተናግረዋል፣ ይህን የሚሰማ ወላጅ አለ። የትምህርት ቀን ስንት ይባክናል? ይህ የመጨረሻው ብዙ አባትን ያሳስበዋል።

ወላጅ ሐኪም ቤት እንሂድ ካለ ሂዱ፤ ግን ለምን እንደሚኬድ ይለይ። ዝንባሌን የሚቀይር መርፌም ክኒንም የለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ የሕመሞች ዝርዝር፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሚሠራበት፣ በዚህ ርዕስ የቀረችውን ንዑስ ምድብ እንኳ ሰርዟታል። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መዝጋት፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ግን ይታከማሉ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው። ለሐኪሙ ምልክቶቹን መናገር ይበቃል፤ «ከቤተሰብ ጋር ተጋጭቻለሁ» ካሉ ምክንያቱን የመዘርዘር ግዴታ የለም። ስለ መሞት የሚያወራ ልጅ ብቻውን አይደር፤ የሚጎዳበት ነገር ከአጠገቡ ይራቅ፤ የዚያኑ ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ስለ ወንዶች ነው። ሴት ልጅ ስትናገር የሚመጣው ሌላ ነው፤ ዱላው ቢቀር ትዳሩ አይቀርም። ስልኳ ይወሰዳል፣ ከቤት መውጣት ይቀራል፣ በሁለት ወር ውስጥ ሽማግሌ ይላካል። እዚህ ላይ ሕጉ ከእሷ ጋር ነው። ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ በመርሕ የለም፤ ያለ ፈቃድም ጋብቻ የለም፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ከ13 ዓመት በላይ የሆነችን ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ የሚያገባውን እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች የሆነችን የሚያገባውን እስከ 7 ዓመት ያስቀጣል። ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር ስትሄድ ልትል የሚገባት «ያለ ፈቃዴ ሊድሩኝ ነው፤ መማር እፈልጋለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ለምን ሊድሯት እንደፈለጉ መዘርዘር አይጠበቅባትም፣ ብትጠየቅም «ሀብታም ስለመጣ» ይበቃል። ለተደበደበ ወንድ ልጅም ያው ነው፤ «አባቴ ደበደበኝ» ሙሉ አቤቱታ ነው።

ካባረሯችሁ አዲስ አበባ ግቡ። ይህን የጻፈው ሰው በቅርቡ መንገዱን አላየውም። በደብረ ማርቆስና በአባይ በረሃ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንገዱ የሚዘጋበት፣ ተሳፋሪ ወርዶ የሚፈተሽበት፣ አልፎም የሚታገትበት ጊዜ አለ። የቀበሌ መታወቂያ የሌለው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ብቻውን ፍተሻ ላይ ምን ይላል? ደረሰ እንበል፤ ያለ መታወቂያና ያለ ተያዥ ቤት የሚያከራይ የለም፣ አልጋ ቤትም አይቀበልም። በነሐሴ 2015 የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት የተመሳሳይ ጾታ ድርጊት ይፈጸምባቸዋል ያሏቸውን ሆቴሎች እንደሚፈትሹ በይፋ ማሳወቃቸውም አይዘነጋ። በመናኸሪያ ማደር የጀመረ ልጅ ለምግብ ሲል የሚገባበትን ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

ማረፊያ የሚዘጋጀው ከመናገር በፊት ነው፤ እዚሁ ባሕር ዳር ወይም ቅርብ ከተማ። የምትመረጠው ሰው የራሷ ቤትና ገቢ ያላት፣ ከወላጆች ጋር በአንድ እድር የሌለች ብትሆን ይመረጣል። አስቀድሞም ምክንያቱ ሳይነገር ትጠየቅ፦ «እትዬ፣ ከአባዬ ጋር ብንጣላ ለሁለት ሳምንት ታሳርፊኛለሽ?» መልሷ «ምን አድርገህ?» ከሆነ ሌላ ሰው ይፈለግ፤ «ቤትህ አይደል እንዴ!» ከሆነ ተገኝታለች። የልደት የምስክር ወረቀት፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት፣ የትምህርት ቤት ካርድና የፋይዳ ቁጥር ፎቶ ኮፒ በላስቲክ ተጠቅልሎ እሷ ዘንድ ይቀመጥ። አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ጋቢ፣ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ የአንድ ወር፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና የሰባት ቀን ምግብ ብር። ብሩ በቴሌብር ብቻ አይሁን፤ መስመሩ በአባት ስም ከሆነ አካውንቱም የእሱ ነው፣ ኔትወርክም ይጠፋል።

«እንግዲያው ዩኒቨርሲቲ እስኪገቡ ይጠብቁ» የሚል አማካሪ አለ። ዶርሙና ምግቡ በወጪ መጋራት ስለሚገኝ ምክሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ዕቅዱ አንድ አይሁን። ሪሚዲያል፣ ማለትም ማለፊያውን ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት አለ፤ እሱም ካልሆነ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ እንደ ፀጉር ሥራ፣ ኤሌክትሪክ፣ ምግብ ዝግጅት ያለ ቶሎ ገንዘብ የሚያስገኝ ሙያ መያዝ ይቻላል። የራሱን የቤት ኪራይ የሚከፍል የሃያ ዓመት ልጅ ለአባቱ ሲናገር፣ አባትየው ያው ሰው ቢሆንም ንግግሩ ያው አይደለም።

የመጨረሻው ነጥብ፣ በመጀመሪያው ቀን ያልተቀበለ መቼም አይቀበልም የሚለው፣ በማስረጃም አይደገፍም። እ.ኤ.አ. በ2009 ካሊፎርኒያ ላይ በ224 ወጣቶች የተሠራ የታወቀ ጥናት በጉርምስናቸው ቤተሰባቸው ክፉኛ የገፋቸው፣ ብዙም ካልተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ ራስን ለማጥፋት የመሞከር ዕድላቸው 8.4 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። አገሩ ሌላ ነው፤ ቁጥሩን እንዳለ ባሕር ዳር ማምጣት አይቻልም። ከዚያው ሥራ የወጣው ቁም ነገር ግን ይሠራል፦ በመሀል ደረጃ የተገፉት ልጆች ክፉኛ ከተገፉት እጅግ የተሻለ ሁኔታ ላይ ነበሩ። ወላጅ ሙሉ በሙሉ ባይቀበልም፣ የሚያደርገውን ክፉ ነገር መቀነሱ ብቻ ልጅን ያተርፋል ማለት ነው።

ስለዚህ ከጎጃም አባት «እኮራብሃለሁ» የሚል ቃል መጠበቅ ከንቱ ነው። የሚጠየቀው ሦስት ነገር ይሁን፦ አትምታኝ፣ አታስወጣኝ፣ ለሰው አትንገር። ሦስተኛው ላይ አባትየው ራሱ ፍላጎት ስላለው ከእሱ ይጀመር፤ ከተስማማ፣ የተባረረ ልጅ ደግሞ «ለምን ተባረረ?» እንደሚያስብል ስለሚያውቅ ሁለተኛውም ይከተላል። ከዚያ ወራት ዝምታ ሊሆን ይችላል። በዝምታው ውስጥ ልጁ የቤቱን ሥራ ይሥራ፣ ውሃ ይቅዳ፣ እድር ሲኖር ድንኳን ይትከል፤ ርዕሱን እሱ ደግሞ አያንሣ።

ከቤት ለወጣ ልጅ ደግሞ በሩ የሚንኳኳው በስልክ ነው። መጀመሪያ በአክስት በኩል «ደህና ነው፣ እየተማረ ነው» ይባል። ከዚያ በእንቁጣጣሽ ወይም በፋሲካ ጠዋት፣ አባት ቤተ ክርስቲያን በሆነበት ሰዓት፣ ለእናት ይደወል፤ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ። «እማዬ፣ እንኳን አደረሰሽ፤ በልቻለሁ፣ ደህና ነኝ።» ካለቀሰች ይጠበቅ፤ ከዘጋችው በሚቀጥለው በዓል ይደገም።